ሕዝቡ ሁሉ እስኪሻገር ድረስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የእስራኤል ልጆች የምድረ በዳውን ረጅም ጉዞ ፈጽመው ወደ ተስፋዪቱ ምድር ለመግባት በተቃረቡ ጊዜ የዮርዳኖስ ወንዝ ከፊታቸው ነበረ። ወራቱ የመከር ወራት ስለ ሆነ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይፈስ ነበር። ታቦተ ሕጉን የተሸከሙት ካህናት ከሕዝቡ ቀድመው ሄዱ፤ እግራቸውም ውሃውን በረገጠ ጊዜ ከላይ የሚወርደው ውሃ ተቆልሎ ቆመ፤ መንገድም ተገኘ። ነገር ግን ልብ ብለን ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ካህናቱ መንገዱ ተከፍቶልናል ብለው ፈጥነው ወደ ማዶ አልተሻገሩም። ሽማግሌውና ሕፃኑ፣ ብርቱውና ደካማው ሁሉ አልፎ እስኪያልቅ ድረስ ታቦቱን እንደ ተሸከሙ በወንዙ መካከል ጸንተው ቆሙ (ኢያ. 3፥14-17)። ወደ ወንዙ ሲገቡ ፊተኞች ነበሩ፤ ከወንዙ ሲወጡ ግን ኋለኞች ሆኑ።

ወደ አደጋ ፈጥኖ መግባት በብዙ ሰዎች ዘንድ ድፍረት ይባላል፤ በእውነትም ድፍረት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ድፍረት ግን ሌላው ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ በአደጋው ውስጥ ጸንቶ መቆየት ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቅጽበት የሚፈጸም ሲሆን የሁለተኛው ፍጻሜ ፍቅር ነው። ዛሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ድፍረት ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

የታቦተ ጽዮንን ክብር በምናስብበት በኅዳር 21 ቀን፣ በ1805 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 29 ቀን 1812 ዓ.ም.፣ ዛሬ ቤላሩስ በሚባለው አገር፣ ቤሬዚና በተባለው ወንዝ ዳር፣ አንድ የጦር መኰንን ራሱ ያሠራውን ድልድይ ያቃጥል ዘንድ ታዞ ቆሞ ነበር። የታዘዘው ሰዓት ደርሶ አልፏል፤ የጠላት ጦርም እየቀረበ ነው። እርሱ ግን እሳቱን ለመለኰስ እጁን አልዘረጋም። ገና ያልተሻገሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ይጠብቅ ነበር። ስሙ ጄኔራል ዣን ባቲስት ኤብሌ ይባላል፤ የፈረንሳይ ሠራዊት የድልድይ ሥራ ክፍል አለቃ ነበረ።

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ፦ ይህ ሰው ያገለግል የነበረው የሰውን አገር በግፍ የወረረ ንጉሥ አልነበረምን? የተወረረችውስ አገር የክርስቲያን አገር አልነበረችምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አዎን ነበረች የሚል ነው። ወረራው ግፍ ነበር፤ የሩስያ ሕዝብም አገሩንና ቤተ ክርስቲያኑን ለመጠበቅ መዋጋቱ የሚገባ ነበር። በዘመቻው ፍጻሜም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ እስክንድር አገራቸው ከጥፋት ስለ ዳነች ለምስጋና በሞስኮ በመድኃኒታችን በክርስቶስ ስም ታላቅ ካቴድራል ለማሠራት ተስለው ነበር። እኛም የወራሪውን ጦርነት ለማመስገን አልተነሣንም። ነገር ግን ጌታችን የመቶ አለቃውን እምነት ባደነቀ ጊዜ የሮማን ግዛት ማድነቁ አልነበረም (ማቴ. 8፥5-10)፤ ደጉን ሳምራዊ ምሳሌ አድርጎ ባቆመ ጊዜም የሳምራውያንን ስሕተት ማጽደቁ አልነበረም (ሉቃ. 10፥30-37)። በጎ ሥራ በማንም ሰው ዘንድ ብትገኝ ባለቤቷ እግዚአብሔር ነው፤ ለመማር የሚወድ ሰውም ከማንም ይማራል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ቦናፓርት በ1812 ዓ.ም. በጁን ወር ከ400,000 የሚበልጥ ሠራዊት አስከትሎ የኒየመንን ወንዝ ተሻገረና ወደ ሩስያ ምድር ገባ። ሞስኮ ደረሰ፤ ነገር ግን ከተማዪቱ ተቃጠለች፤ ሰላም የሚለምነውም ሰው አላገኘም። ስለዚህ በኦክቶበር 19 ቀን ፊቱን ወደ ኋላ መለሰ። በመንገዱም ላይ ረኃቡ፣ ብርዱና የሩስያ ጦር ሠራዊቱን ይጨርሰው ጀመር። ትዕቢት የጀመረውን ጉዞ ውርደት ፈጸመው። ወደ ቤሬዚና ሲቃረብ ከዚያ ሁሉ ሠራዊት በሰልፍ የቀረው ጥቂት ሲሆን፣ ከኋላው ደግሞ ሰልፉ የፈረሰ፣ መሣሪያውን የጣለ፣ የቈሰለና የታመመ ሕዝብ ይከተል ነበር። በዚያም ሕዝብ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

በቤሬዚና ወንዝ ላይ በቦሪሶቭ ከተማ አንድ ድልድይ ነበረ፤ ሩስያውያን ያዙትና በኋላ አቃጠሉት። በማዶ የአድሚራል ቺቻጎቭ ጦር፣ በሰሜን የጄኔራል ቪትገንስታይን ጦር፣ በስተኋላም የኩቱዞቭ ሠራዊት ነበረ። እንደ ወትሮው ቢሆን በዚያ ወራት ወንዙ በረዶ ሆኖ ይጠነክርና በላዩ በእግር ለመሻገር ይቻል ነበር። በዚያ ሰሞን ግን አየሩ ጥቂት ሞቆ በረዶው ቀለጠ፤ ትላልቅ የበረዶ ስብርባሪዎችም በውሃው ላይ ይንሳፈፉ ነበር። በመርከብ እንዳይሻገሩት መርከብ የለም፤ በእግር እንዳይሄዱበት ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ከጥቂት ቀን በፊት በኦርሻ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሠራዊቱ ከሞስኮ ሲመለስ ኦርሻ በደረሰ ጊዜ፣ ድልድይ የሚሠራባቸው ጀልባዎች ፈረሶቹን ስላደከሙ፣ ጀልባዎቹ ይቃጠሉና ፈረሶቹ መድፍ ይጐትቱ ተብሎ ታዘዘ። ኤብሌ ጥቂቶቹ ጀልባዎች እንኳ ይተርፉ ዘንድ ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። ቢሆንም ምስማር፣ ብረትና መሣሪያ የጫኑ 6 ሠረገላዎችን፣ 2 የአንጥረኛ ምድጃዎችንና ከሰል የጫኑ 2 ሠረገላዎችን አቆየ። በዚያች ቀን ይህን ያየ ሰው፦ እህል በጠፋበት መንገድ ምስማርና ከሰል መጐተት ምን ይጠቅማል? ሳይል አይቀርም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የዚያ ሁሉ ሕዝብ ነፍስ በዚያ ምስማርና ከሰል ላይ ተንጠለጠለች።

ከቦሪሶቭ በላይ በስተሰሜን ስቱዲያንካ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያ በኩል ወንዙ ጠበብ ስለሚል ድልድዩ በዚያ እንዲሠራ ተቈረጠ። የናፖሊዮን ጦር በደቡብ በኩል የሚሻገር መስሎ ቺቻጎቭን ስላሳሳተው፣ በማዶው የነበረው የሩስያ ጦር ሳስቶ ነበር። ኤብሌ 400 ያህል የሚሆኑ ድልድይ ሠሪ ወታደሮቹን ይዞ ኅዳር 17 ቀን ማታ ደረሰ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሆላንድ ሰዎች ነበሩ። እንጨት ከወዴት ይምጣ? የመንደሯን ቤቶች አፈረሱ፤ ግንዱንና ሳንቃውን አወጡ፤ በምድጃዎቹ ብረቱን ቀጠቀጡ፤ ሌሊቱንም ሁሉ ድልድዩ የሚያርፍባቸውን ባለ እግር መቆሚያዎች ሲያበጁ አደሩ።

ኅዳር 18 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ወደ ውሃው ገቡ። የወንዙ ስፋት 100 ሜትር ያህል ነበር፤ መሠረቱም ጭቃ ነበረ። ሰዎቹ እስከ ደረታቸው፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ በበረዶ ውሃ ውስጥ ቆመው መቆሚያዎቹን ተከሉ፤ የሚንሳፈፈው በረዶ ሰውነታቸውን ይመታቸውና ይቈርጣቸው ነበር። ከመካከላቸውም ደንዝዘው በውሃው የተወሰዱ አሉ። ኤብሌ ወደ 54 ዓመት የሚጠጋ ሰው፣ በማዕርጉም ጄኔራል ሲሆን፣ ከዳር ቆሞ ግቡ አላለም፤ እርሱም ከወታደሮቹ ጋር ወደ ውሃው ገባ። ሁለት ድልድዮች ተሠሩ፤ የመጀመሪያው ለእግረኛ ሲሆን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ለመድፍና ለሠረገላ ሲሆን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተፈጸመ።

ነገር ግን ሥራው በዚህ አላበቃም። ከባዱን ጭነት የሚሸከመው ድልድይ በዚያው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተሰበረ። ድልድይ ሠሪዎቹ ከብርዱና ከድካሙ የተነሣ በእሳት ዳር ወድቀው ተኝተው ነበር። ኤብሌ ለሁሉም ስላዘነ ግማሾቹን ብቻ ቀሰቀሰ፤ እነርሱም ተነሥተው ወደዚያው ውሃ ተመለሱና ጠገኑት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ተሰበረ፤ ደግሞም ገቡ። በማግሥቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ገቡ። በሠራዊቱና በንጉሡ ፊት ወደ ውሃ መግባት አንድ ነገር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያይ፣ አንዴ የሞቀውን ሰውነት ወደ በረዶ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ኅዳር 20 ቀን በወንዙ ግራና ቀኝ ጦርነት ሆነ። የቪትገንስታይን መድፎች በድልድዮቹ አጠገብ በተጨናነቀው ሕዝብ ላይ ይተኩሱ ጀመር። ሕዝቡ በድንጋጤ ወደ ድልድዮቹ ሮጠ፤ ብዙው ተረጋገጠ፤ ብዙውም ወደ ወንዙ ወደቀ። የማርሻል ቪክቶር ጦር በስተኋላ ሆኖ እስከ ማታ ድረስ ተከላከለ፤ ድልድይ ሠሪዎቹም ጥይት በሚወድቅበት ስፍራ ድልድዩን ይጠብቁ ነበር። በመሸም ጊዜ ተኩሱ ጋብ አለ። በድልድዩ መግቢያ ግን የሰውና የፈረስ ሬሳ፣ የተሰበረም ሠረገላ ተከምሮ መተላለፊያ አልነበረም። ኤብሌና ሰዎቹ በዚያ ክምር መካከል መንገድ አወጡ። አሮን በመቅሠፍቱ ቀን ጥናውን ይዞ በሙታንና በሕያዋን መካከል እንደ ቆመ (ዘኍ. 16፥46-48) እነዚህም ሰዎች በዚያች ሌሊት በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆመው ነበር።

ወዳጆቼ ሆይ፣ አሁን ወደሚያሳዝነው ስፍራ ደርሰናል። የቪክቶር ጦር በሌሊት ተሻገረ። ከዚያም በኋላ ድልድዩ ባዶ ሆነ። የሚተኩስ የለም፤ የሚጋፋ የለም፤ የሚከለክል የለም። በወዲህኛው ዳር ግን በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ እሳት አንድዶ ተቀምጦ ነበር። ኤብሌ ድልድዩ በጠዋት እንደሚቃጠል ያውቃልና ወደ እሳቶቹ ዳር መልእክት ሰደደ፤ ተሻገሩ፣ ነገ አይቻልም አሰኘ። ይነሡም እንደ ሆነ ብሎ ሠረገላዎቻቸውን እስከ ማቃጠል ደረሰ። ጥቂቶች ተነሡ። የሚበዙት ግን ከእሳቱ ዳር አልተንቀሳቀሱም፤ ሲነጋ እንሻገራለን አሉ።

ነጋ። ትእዛዙ ድልድዮቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እንዲቃጠሉ ነበር። ኤብሌ ግን ጠበቀ። ጠላት እየቀረበ፣ የራሱና የሰዎቹ ሕይወት በአደጋ ላይ ሳለ፣ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ዘገየ። ከዚያ በላይ ለመዘግየት በማይቻልበት ጊዜ እሳቱን ለኰሰ። ያን ጊዜ በእሳት ዳር የነበረው ሕዝብ ሁሉ ነቃ፤ እየጮኸም ወደ ድልድዩ ሮጠ። አንዳንዱ በሚነድደው ሳንቃ ላይ ሲሮጥ ከእሳቱ ገባ፤ አንዳንዱ ወደ ውሃው ዘለለ፤ የቀረው ተማረከ። ሌሊቱን ሁሉ ባዶ የነበረች መንገድ በጠዋት ልትገኝ አልቻለችም።

ድልድይ ሠሪዎቹ ሌላውን አሻግረው ከእነርሱ ብዙዎቹ በዚያ ውሃ ባገኛቸው ሕመምና በብርድ አለቁ። ኤብሌም ከአንድ ወር ያህል በኋላ፣ በዚያው በ1812 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው በኬኒግስበርግ ከተማ ታምሞ ሞተ። ታላቅ ሹመት ተሰጥቶት ነበር፤ ሞት ግን ሹመቱን ቀደመው። በፓሪስ ባለው የድል ቅስት ላይ ስሙ ከሌሎች የጦር አለቆች ስም ጋር ተቀርጾ ይታያል። ከእርሱ ጋር በሌሊት ወደ ውሃው የተመለሱት ተራ ወታደሮች ስም ግን እንደዚያ አልተቀረጸም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ በጭንቅ ቀን የሚታየው ድፍረት አስቀድሞ በጸጥታ ቀን የሚዘጋጅ መሆኑን እንማራለን። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ባያከማች ኖሮ በሰባቱ የረኃብ ዓመታት ማዘኑ ብቻ ግብፅን ባላዳናት ነበር (ዘፍ. 41፥47-57)። ኤብሌም በኦርሻ ምስማሩን ባያቆይ ኖሮ በቤሬዚና ወደ ውሃ መግባቱ ሞት እንጂ ድልድይ ባልሆነ ነበር። እንዲሁም ካህን በወጣትነቱ የተማረው ዜማ፣ ያጠናው ንባብና ትርጓሜ፣ በሌሊት የለመደው ጸሎት፣ መንገዱ በከበደ ጊዜ የማይጠቅም ሸክም መስሎ ይታየው ይሆናል። በዚህ ዘመን ይህ ምን ያደርጋል? የሚሉትም አይጠፉም። ነገር ግን ልጁ የሞተበት አባት ለመጽናናት ወደ እርሱ የመጣ ዕለት፣ ሃይማኖቱ የተናወጠ ወጣት ሊጠይቀው በደጁ የቆመ ዕለት፣ ወንዙ ደርሷል ማለት ነው። በዚያች ዕለት በሠረገላው ላይ ምስማር ከሌለ ቸርነት ብቻውን ድልድይ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ሌላውን ለማሻገር የሚወድ ሰው ራሱ ወደ ውሃው መግባት እንዳለበት እንማራለን። ምንደኛ እረኛ ተኵላ ሲመጣ በጎቹን ትቶ ይሸሻል፤ መልካም እረኛ ግን ነፍሱን ስለ በጎቹ ይሰጣል (ዮሐ. 10፥11-13)። ከዳር ቆሞ ጹሙ፣ ጸልዩ፣ ታረቁ ማለት ቀላል ነው። ራሱ እየጾመ ጹሙ የሚል፣ ራሱ ይቅር እያለ ታረቁ የሚል ካህን ግን በውሃው ውስጥ የቆመ ነው፤ ሕዝቡም ድምፁን ከዚያ ሲሰማ ያምነዋል። ደግሞም ድልድዩ ሦስት ጊዜ እንደ ተሰበረ አንርሳ። ለንስሐ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ሲመጣ በደስታ እንቀበለዋለን። በዚያው ኃጢአት ወድቆ ሁለተኛ ሲመጣ ፊታችን ይጠቁራል። በሦስተኛው ጊዜ፦ ይህ ሰው አይድንም ብለን ልባችንን እንዘጋለን። ጴጥሮስ ወንድሙን እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ይል ዘንድ በጠየቀ ጊዜ ጌታችን ቍጥሩን አብዝቶ ከመቍጠር በላይ አደረገው (ማቴ. 18፥21-22)። የንስሐ አባት ድፍረት የሚታወቀው በመጀመሪያው ጥገና አይደለም፤ በሦስተኛው ነው።

ሦስተኛ፣ በእሳት ዳር ስለ ተቀመጡት ሰዎች እናስብ። እነዚህን ሰዎች ሰነፎች ብሎ መስደብ ይቀልላል፤ ነገር ግን አይገባም። ለብዙ ሳምንት በረኃብና በብርድ የተጓዙ፣ ልጆቻቸውንና ወዳጆቻቸውን በመንገድ የቀበሩ ነበሩ። ከድካም ብዛት የተነሣ ተስፋ ማድረግ እንኳ ሸክም ሆኖባቸው ነበር። ያቺ እሳት ደግሞ የምትሞቅ ነበረች። ክፉ ነገር አልነበረችም፤ ጥፋቷ በተሳሳተው ዳር መሆኗ ብቻ ነው። ሎጥም ከሰዶም በሚወጣበት ሌሊት ዘገየ፤ መላእክቱ ግን ዘገየ ብለው አልተዉትም፤ እጁን ይዘው አወጡት (ዘፍ. 19፥16)። ስለዚህ ካህናት አባቶቼ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ክፍት ነው፤ የፈለገ ይምጣ ብለን ብንቀመጥ ሥራችንን ፈጸምን ማለት አይደለም። ድልድዩ ክፍት መሆኑ ያን ሕዝብ አላሻገረውም። ከእሳት ወደ እሳት፣ ከቤት ወደ ቤት መሄድ፣ የደከመውንም እጁን ይዞ ማስነሣት ይገባል። ጌታችንም ስለ አንዲቱ በግ የተናገረው እረኛ በበረቱ በር ቆሞ አልተጣራም፤ እስኪያገኛት ድረስ ፈለጋት እንጂ (ሉቃ. 15፥4-5)።

እናንተም ምእመናን ሆይ፣ ይህ ነገር ለካህናት ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። ከእኛ መካከል ስንቶች ነን ለቅዱስ ቍርባን ገና ነኝ፣ ሲሸመግል ይደርሳል የምንል? ጐልማሳው ንግዴ ይቃና ይላል፤ ባለ ትዳሩ ልጆቼ ይደጉ ይላል፤ ከወንድሙ የተጣላው ለፋሲካ እታረቃለሁ ይላል፤ ፋሲካም ሲደርስ ለሚመጣው ዓመት ያስተላልፈዋል። ንግድ ኃጢአት አይደለም፤ ልጅ ማሳደግም ኃጢአት አይደለም። እነዚህ ሁሉ በብርድ ሌሊት የሚሞቁ እሳቶች ናቸው። ነገር ግን በእሳቱ ዳር ሆነን ሲነጋ እንሻገራለን ስንል፣ የምንሻገርባት ሌሊት እያለፈች ነው። ሐዋርያው የተወደደው ጊዜ፣ የመዳንም ቀን አሁን መሆኑን ያስተማረው ስለዚህ ነው (2 ቆሮ. 6፥2)። ዘይት ሊገዙ የሄዱት አምስቱ ደናግልም ተመልሰው መጡ፤ በሩን ግን ተዘግቶ አገኙት (ማቴ. 25፥10-12)።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብን የሚያስጨንቅ አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም ልንሸሽገው አይገባም። ያ ሩኅሩኅ ሰው በመጨረሻ ድልድዩን አቃጥሏል፤ በወዲያኛውም ዳር ሰዎች ቀርተዋል። የሰው ርኅራኄ ወሰን አለው፤ ኤብሌ ከተቀጠረለት ሰዓት በላይ አንድ ሰዓት ተኩል ለመጨመር ቻለ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻለም። ለእግዚአብሔር ርኅራኄ ወሰን የለውም፤ ለእኛ ዕድሜ ግን ወሰን አለው። የሚጐድለው የአምላክ ምሕረት አይደለም፤ የእኛ ሌሊት ነው እንጂ። እያንዳንዷም በጤና ያደርንባት ሌሊት፣ እሳቱን እንደ ዘገየው እንደዚያ ሰው፣ እግዚአብሔር ስለ እኛ የዘገየባት ሰዓት ናት።

ኤብሌ ድልድይ ሠራ፤ ራሱ ግን ድልድይ ሊሆን አልቻለም። መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ከሰማየ ሰማያት ወርዶ፣ ሥጋችንን ተዋሕዶ፣ ወደ ዮርዳኖስም ገብቶ፣ በሰውና በእግዚአብሔር መካከል የነበረውን የጥል ግድግዳ በመስቀሉ አፈረሰ (ኤፌ. 2፥14-16)፤ ራሱም መንገድ ሆነልን (ዮሐ. 14፥6)። ከዳር ሆኖ አላዘዘንም፤ ቀድሞን ወደ ሞት ውሃ ገባ። ካህናትም የቆሙት በእርሱ ስፍራ እንደ አገልጋዮቹ ነው። ስለዚህ ታቦቱን የተሸከመ ሁሉ ሊያስብ የሚገባው፦ እኔ መቼ እሻገራለሁ? ብሎ አይደለም፤ ከኋላዬ ያልተሻገረ ማን ቀረ? ብሎ ነው። በእሳት ዳር የተቀመጠም ሁሉ ሊያስብ የሚገባው፦ ሌሊቱ ገና ነው ብሎ አይደለም፤ ስለ እኔ በውሃ ውስጥ የቆመ አለ ብሎ ነው።

በዮርዳኖስ መካከል ካህናቱን ያጸና አምላክ እረኞቻችንን ሕዝቡ ሁሉ እስኪሻገር ድረስ ያጽናልን፤ የደከሙትን ያስነሣልን፤ እኛንም በሩ ሳይዘጋ ወደ ማዶ ያድርሰን። ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።